ባንዲራ የሌለው ውድድር

ቲነር ራስ ያዞራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያዞራል፤ እኔን ግን ወደ ኋላ ነው የሚያዞረኝ። ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ባኮ ስወርድ አውቶቡሱ ጊንጪ ላይ ለቁርስ ቆመ። ከምግብ ቤቱ ጎን አንድ ወጣት ባጃጅ እየቀባ ነበር። ፕላስተሩን ቀስ አድርጎ ሲልጠው ከሥሩ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ወጣ፣ ያ ሽታም አብሮ መጣ። ፍርፍሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ባጃጅ ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀኝ። የለም፣ ላሸት ነው የመጣሁት ብዬ ብነግረው እብድ ናት ይላል ብዬ ሰዓት ስንት ነው አልኩት። ሰዓት እጄ ላይ አስሬያለሁ። ልጁም አይቶታል።

ያ ሽታ የኦቦ ደበላ ሽታ ነው። አምቦ፣ አምስተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከባኮ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ቤት የምናየው ቅዳሜ ከተገኘ ነው። እማዬ ቢሮ ትውላለች። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላ ማን ይጠብቃት ተባለ። ታላቅ ወንድሜ ቶሎሳ ራሱ ጠባቂ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። ስለዚህ እማዬ ለጎረቤታችን ለኦቦ ደበላ በአደራ ሰጠችኝ፣ ከደጃፍዎ እንዳትርቅብኝ ብላ።

ኦቦ ደበላ ዋናው መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ባጃጅና የጭነት መኪና ላይ መስመርና ቁጥር ይቀባሉ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ግንባራቸው ሁልጊዜ የተቋጠረ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያስተምሩ በአማርኛ ነው፣ ሲቆጡ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ፤ በአንድ ወሬ መሃል ከተሻገሩ ቀለም ደፍቻለሁ ማለት ነው። እኔን "ኢንተሎ" ይሉኛል፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

ሥራቸው ግን አቤት! መጀመሪያ ቆርቆሮውን ቲነር በነካው ጨርቅ ያሹታል። ከዚያ ኖራ የተቀባ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወጥሩና በአንድ ጣት ስበው ይለቁታል፤ ጧ ይልና ነጭ ምልክት ይተዋል። የክሩን ወዲያኛ ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚያ ከላይና ከታች ፕላስተር ይለጠፋል፣ መሃሉ ይቀባል፤ ቀለሙ ጨርሶ ሳይደርቅ ፕላስተሩ ይላጣል። ቶሎ ከተላጠ ቀለሙ ይፈሳል፣ ከዘገየ ጠርዙ ይቦጨቃል። ጊዜውን የሚያውቁት በማሽተት ነበር። አፍንጫቸውን አስጠግተው "ገና ነው" ይላሉ። እኔም አስጠግቼ "ገና ነው" እላለሁ፤ ምኑም አልገባኝም።

ሞተረኞቹ የመጡት ኅዳር ላይ ነው። ሰባት ናቸው፣ ቶሎሳ ከነሱ አንዱ። ሻይ ቤት ኳስ እስኪጀምር ሲጠብቁ ቴሌቪዥን ላይ የሞተር ውድድር አይተው ልባቸው ጠፋ። እኔም አንድ ቀን ከቶሎሳ ጋር ገብቼ አይቻለሁ። መጨረሻው ላይ አንድ ሰውዬ ጥቁርና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ሲያራግፍ፣ ለካ ምሳ ደርሶ ነው እንደዚህ የሚቸኩሉት ብዬ ነበር። የኛዎቹን ሞተር ስል ያኛውን እንዳታስቡ። ሳምንቱን ሙሉ ከገጠር ጤፍና ቅቤ የሚያመላልስ፣ ከኋላው መጫኛ የተበየደበት ሞተር ነው። መጫኛውን ፈትተው፣ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ ፈረስ በሚጋለብበት ሜዳ ሊሽቀዳደሙ ተማማሉ። ከዚያ በፊት ግን መስመር ያስፈልጋል፤ መስመር የሌለው ሞተር ምን ሞተር ነው?

ኦቦ ደበላ ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም ሰጡ። ለቶሎሳ ሁለት ቢጫ፣ ለአዴ ብርቄ ልጅ ለገመቹ ሦስት ነጭ። አዴ ብርቄ ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ያለችው ሱቅ ባለቤት ናቸው፣ ገመቹ አንድ ልጃቸው ነው። ሦስት ለገመቹ፣ ሁለት ለወንድሜ! ብግን አልኩ። መስመር በበዛ ቁጥር ሞተር ይፈጥናል ብዬ አምን ነበር፤ ካልሆነ ለምን ይቀባል? ኦቦ ደበላ ለምሳ ሲወጡ ጠብቄ በቶሎሳ ሞተር ላይ ሦስተኛ ቢጫ መስመር ሳብኩ፣ ያለ ክር ያለ ፕላስተር። የሰካራም መንገድ ሆነ። ሲመለሱ አዩት። ቁጣውን በኦሮምኛ ስጠብቅ ነገሩ በአማርኛ መጣ። መስመር አያሮጥም አሉኝ፤ መስመር ማን እየመጣ እንደሆነ ከሩቅ እንዲታይ ነው፣ ማን እንደወደቀም። ጠማማውን ሳይነኩት ተዉት። ቶሎሳ ግን ሳምንት አላናገረኝም።

ከልጆቹ አንዱ፣ ኦቦ ደበላ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሞተር ውድድር ላይ ባንዲራ ይይዙ እንደነበር ሰምቶ ኖሮ፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ብሩሻቸውን እያጠቡ ነገሩን። እውነት ነበር። ጋራዥ ይሠሩ በነበረ ጊዜ፣ መታጠፊያ ላይ ቆመው ቢጫውን የሚያወዛውዙት እሳቸው ነበሩ። ቢጫ ማለት ከፊት አደጋ አለ፣ ቀስ በል፣ ማንንም አትቅደም ማለት ነው። ቀይ፣ ቁም። ጥቁርና ነጩ ደግሞ ውድድሩ አለቀ ማለት ነው እንጂ ምሳ አይደለም። ልጆቹ የኛንም ይያዙልን ብለው ለመኗቸው።

"እይዛለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ግን ሰባት ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ ሰባት ሆናችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው። ማን እንደሚቀድም አያገባኝም።"

ምክንያቱን የነገሩት ለኔ ብቻ ነው፣ ምናልባት ልጅ ስለነበርኩ። ያኔ አንድ ጓደኛቸው ይመራ ነበርና እሱን እሱን ሲያዩ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ የወደቀውን ሰው ሳያዩ ቀሩ። ባንዲራው እጃቸው ላይ ነበር፣ ዘግይተው አነሱት። "አንድ ልጅ ቤቱ ሳይገባ ቀረ" አሉኝ። እኔ መንገድ የጠፋው መሰለኝ። አዲስ አበባ ትልቅ ነው፣ እማዬም እጄን ካልያዝሽ ትጠፊያለሽ ትለኛለች። ያን ልጅ መርካቶ ውስጥ ሞተሩን እየገፋ ቤቱን ሲያጠያይቅ በሐሳቤ እያየሁ ስንት ቀን አዘንኩለት። ታዲያ አንድ ሰው እንኳ አላሳየውም? ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። ብሩሽ አቀብይኝ አሉ።

እኔ ግን የባንዲራውን ሕግ ወድጄው ከተማው ሁሉ ላይ አዋልኩት። ቀይ በር ፊት ሳልቆም አላልፍም። አንድ ጠዋት ቢጫ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ከፊቴ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሲሄዱ፣ ማለፍ አይፈቀድም ብዬ ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኩ። እሳቸው ቆም ሲሉ ቆም፣ ሲሄዱ ሄድ። መጨረሻ ላይ ዞረው፣ ልጄ፣ የማን ነሽ፣ ምን ፈልገሽ ነው? አሉኝ። ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ለዘበኛው ምክንያቴን ባስረዳው ጊዜ እናትሽን ይዘሽ ነይ አለኝ።

ኦቦ ደበላ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ትምህርት ጀመሩልኝ። ወጣት መታጠፊያ ላይ ከቆመ ውድድሩን ያያል፣ አንቺ ግን መንገዱን ታያለሽ አሉኝ። ደጃፉ ላይ በርጩማ ያስቀምጡልኝና ከስልክ እንጨቱ እስከ ድልድዩ ያለውን አስፋልት ብቻ እንድጠብቅ ያደርጉኛል። ሙዚቃ የከፈተ ባጃጅ ያልፋል፣ ሠርገኛ ያልፋል፣ የክፍሌ ልጆች እየጠሩኝ ያልፋሉ። ዓይኔ አብሯቸው ከሄደ ከኋላዬ "ከራ ኢላሊ!" ይመጣል፤ መንገዱን እይ። ጥር እስኪገባ ድረስ መንገድ ሳይ ኖርኩ። እማዬ ልጄን አፈዘዙብኝ ብላ አጉረመረመች።

ባንዲራዎቹን ኦቦ ደበላ ራሳቸው ሰፉ፣ ከልብስ ሰፊ በለመኑት ቁራጭ ጨርቅ። ለፈቃድ ቀበሌ ሄደው ሲመለሱ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ውድድሩ ተፈቅዷል፣ ባንዲራ አልተፈቀደም። በዚያ ዓመት በከተማችን በዱላ ላይ ጨርቅ ከታየ የየትኛው ወገን ነው ሳይል የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ያነጋገራቸው ሰውዬ ክፉ አይደለም፤ ወንበር ሰጥቷቸዋል፣ ሻይ አዞላቸዋል። ብቻ፣ አባቴ፣ ቢጫ ማለት ቀስ በል ማለት ነው ብለው ለስንቱ ያስረዳሉ? ብሏቸዋል። ቢጫም ሆነ ነጭ፣ የትኛውም ጨርቅ አይሆንም።

ኦቦ ደበላ ባንዲራዎቹን አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱና ውድድር የለም አሉ። ልጆቹ ደግሞ አለ አሉ። ያለ ምልክትም ቢሆን እንሮጣለን፣ ስንት ዘመን ፈረስ ያለ ባንዲራ ሲጋለብ ኖሯል አሉ። ቶሎሳም እንደዚያው አለ። ያን ቀን ኦቦ ደበላ ቀጥ ያለ መስመር መሳብ አቃታቸው። አንዱን ባጃጅ ሦስቴ አጥፍተው ሦስቴ ቀቡት። እኔ ክሩን ይዤ አለቅስ ነበር፣ ለወንድሜ ይሁን ለሳቸው አላውቅም።

መላው የመጣው ከአባዬ ነው፣ እሱ ሳያውቀው። ቅዳሜ ቤት ሲገባ፣ መኪናው ከጉደር ወዲያ ተበላሽቶበት እንደዋለ ለእማዬ ይነግራታል። ቅጠል ቆርጬ ከኋላ መንገዱ ላይ ጣልኩ፣ ድንጋይ ደረደርኩ፣ ከዚያ ከሥር ገባሁ አለ። በኛ አገር መንገድ ላይ እርጥብ ቅጠል የተጣለ ያየ ሹፌር፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ከፊት መኪና ቆሟል ብሎ ፍሬን ይይዛል። እራቴን ሳልጨርስ ወደ ኦቦ ደበላ ቤት ሮጥኩ። ሰምተው ጭናቸውን መቱ። በነጋታው ሁሉም ነገር ተሟላ። በቢጫው ፋንታ የባሕር ዛፍ ቅጠል። በቀዩ ፋንታ የእማዬ ቀይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ። ለማብቂያው ደግሞ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ በቆርኪ የሚጫወቱበት የዳማ ገበታ፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ምን ጎደለው? ያ ሰውዬም ሲነገረው፣ በሳፋማ ማንም አይጣላም አለ አሉ።

በሳምንቱ እሁድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ከጥምቀት የተረፈ የፈረስ ጌጥ፣ ቀይና አረንጓዴ ዘርፍ፣ በሞተሮቹ መሪ ላይ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ደበላ ሳፋቸውንና ዳማቸውን ይዘው መነሻው ላይ ቆሙ። እኔን ከሜዳው ማዶ፣ ባሕር ዛፎቹ መንገዱን ከሚጋርዱበት መታጠፊያ ላይ አቆሙኝ። የሚመጣ ሞተረኛ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አያይም፣ እኔ ግን ወዲህም ወዲያም አያለሁ። ሰው ከወደቀ ቅጠሉን ከፍ አድርጊና እንደ ባንዲራ አወዛውዢው አሉኝ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እኔም አብሬ።

ውድድሩ አምስት ዙር ነው። ሁለቱን በሰላም ዞሩ። እኔ ወንድሜን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም፣ መንገዱን ብቻ። በሦስተኛው ገመቹ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን መጣ። መታጠፊያውን ሲጨርስ የኋላ ጎማው ተንሸራተተና ወደቀ፣ ሞተሩ እግሩ ላይ ተኛበት። ሦስቱ ነጭ መስመሮች ወደ ሰማይ ዞሩ። መንገዱ መሃል ነው። ሊነሳ ሞከረ፣ አልቻለም፣ እየጮኸ ጠራኝ። የአዲስ አበባው ልጅ መንገድ ጠፍቶት እንዳልቀረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፣ እንዲሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ።

ቅጠሉን አነሳሁ። በሁለት እጄ አወዛወዝኩ። ከበላዬ ተዳፋቱ ላይ የተቀመጡት ሴቶች አዩኝ። ገመቹን ዛፎቹ ጋርደውባቸዋል፤ የሚያዩት አረንጓዴ ቅጠል የምታወዛውዝ ልጅ ነው። በኛ ዘንድ ደግሞ እርጥብ ቅጠል በእጅ ከተያዘ ደስታ ነው። ለሙሽራም፣ ለእንግዳም፣ ለምስጋናም ያንኑ ይዘን ነው የምንወጣው። እልል አሉ። ወጣቶቹ ከዛፉ እየገነጠሉ አነሱ፣ ሕፃናቱ አነሱ፤ በአንድ አፍታ ተዳፋቱ ሁሉ ቅጠል በቅጠል ሆነ። ወድቋል ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ሁሉ እልልታ መሃል ማን ይሰማኛል? የሞተሮቹ ድምፅ እየቀረበ ነው። ጠማማውን ቢጫ መስመር አየሁት። ቶሎሳ ፊት ፊት ይመጣል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ያ ሁሉ ቅጠል ለሱ የተወዛወዘ መስሎታል።

ኦቦ ደበላ ሩቅ ናቸው፣ ሳፋው ሩቅ ነው። አባዬ ትዝ አለኝ። አባዬ ቅጠል አያወዛውዝም፣ አባዬ ይጥላል! የኔን ቅጠል መንገዱ ላይ ወረወርኩት። ዘልዬ ከአንዲት ሴትዮ እጅ የሷን ነጠቅኩ፣ ከአንድ ልጅ ነጠቅኩ፣ አጋደምኳቸው። ድንጋይ አንከባለልኩ። ሴትዮዋ ሰደበችኝ፣ ትስደበኝ። ከዚያ ዘልዬ ዳር ወጣሁ።

ቶሎሳ የሹፌር ልጅ ነው። መሬት ላይ የተኛ ቅጠል ሲያይ ከሐሳቡ እጁ ቀድሞ ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ተጎተተ፣ ዞረ፣ ከገመቹ ራስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ከኋላው ያሉት አምስቱም አንድ በአንድ ቆሙ። ቶሎሳ ምን አደረግሽ ብሎ ሊጮህብኝ አፉን ከፈተ፣ ገመቹን አየ፣ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ኦቦ ደበላ ቀዩን ሳፋ እንደያዙ ሜዳውን ሰንጥቀው ሮጠው መጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሞተሩን አነሱለት። የገመቹ ጉልበት ተልጧል፣ ባቱን ጭስ ማውጫው አቃጥሎታል። ተራመድ እስቲ አሉት። እያነከሰ ተራመደ። ድገም አሉት። ሦስተኛ ሲያዙት፣ አባባ፣ ደህና ነኝ እኮ አለ።

ለካ አንዱ ወሬኛ ወደ ከተማ በሮ፣ ለአዴ ብርቄ ልጅሽ ወደቀ ብሏቸው ኖሯል። መጡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ጎረቤት ሴቶች በግራ በቀኝ ደግፈዋቸው። ሞተረኞቹ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አሉ። ቶሎሳ እኔ ኋላ ተደበቀ፤ እኔ ከወገቡ አላልፍም።

"የዚህ ነገር ኃላፊ ማነው?" አሉ አዴ ብርቄ። ልጃቸውን ገና አላዩትም። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

ኦቦ ደበላ ሳፋውን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ እሳቸው ሄዱ፣ ቀስ ብለው፣ አፈሩ እግራቸውን የያዘው ይመስል።

"እኔ ነኝ፣ እህቴ" አሉ። "ያሯሯጥኳቸው እኔ ነኝ። ልጅሽ ደህና ነው፣ ያውልሽ ቆሟል። የምትይኝን በይኝ።"

አዴ ብርቄ ልጃቸውን አዩት። ሄደው በጥፊ አጮሉት፣ ወዲያው አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ከዚያ ዞረው ኦቦ ደበላን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ስድቡ ሊመጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ገልብጠው አስተካክለው ለበሱና ውድድሩ አልቋል ወይ ብለው ጠየቁ። አላለቀም ተባሉ። እንግዲያው ይለቅ፣ የኔ ልጅ ግን አጠገቤ ይቀመጣል አሉ። መጥተው መታጠፊያው ላይ ከኔ ጋር ተቀመጡ። ቅጠሉን የጣልኩት እኔ መሆኔን ገመቹ ሲነግራቸው እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ፤ ጉደዱ፣ እደጊ አሉኝ። የቀሩትን ዙሮች አብረን ጠበቅን። ዳማው ከፍ ሲል ቶሎሳ ሦስተኛ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ አንደኛ እሆን ነበር ይላል፣ ይበል።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከኦቦ ደበላ ጋር በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። ሞተሮቹ እየተንጫጩ አለፉን፣ ገመቹ ከቶሎሳ ኋላ ተፈናጥጦ። ኦቦ ደበላ በከንፈራቸው ሲቆጥሩ አየሁ፣ እስከ ሰባት።

"ያኔም የዚያ ልጅ እናት መጥታ ነበር" አሉ፣ ሳያዩኝ። "ባንዲራውን የያዘው ማነው ብላ እየዞረች ሰውን ሁሉ ጠየቀች። እኔ ከአንድ መኪና ኋላ ቁጢጥ ብዬ እሰማት ነበር። አልመለስኩላትም። ይኸው አረጀሁ፣ አንድም ቀን ከጆሮዬ ወጥታ አታውቅም።"

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ የመጣልኝን አልኩ።

"ዛሬ ግን መለሱ" አልኳቸው።

ቆሙ። እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም።

"መለስኩ" አሉ። ትንሽ ሄድ አልንና መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ ጮክ ብለው "መለስኩ እኮ!" አሉና ሳቁ። እኔም ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባኝ አብሬያቸው ሳቅኩ።